ባሕር በሌለበት ከተማ የባሕር እመቤት

እማማ በር በከፈቱልኝ ቁጥር ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ያወጡ ነበር። አንዱ ሮዝ ነው፣ ልክ የእግሬ ቁጥር። ሌላው ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ የወንድ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካክለው ያስቀምጡና እኔን ሰላም ካሉ በኋላ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ደረጃው ያያሉ። በሩንም ወዲያው አይዘጉትም። ከኋላዬ የቀረ ሰው ጫማውን አውልቆ እስኪገባ የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ይቆያሉ።

«ብቻዬን ነኝ እኮ» እላቸዋለሁ በእንግሊዝኛ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሰማያዊውን ግን አያነሱትም።

እማማ የምላቸው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ቻይናዊት ናቸው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ አበሻ ሴቶች ተሰብስበን «ምን ትሠሪያለሽ» ከተባባልን የግማሻችን መልስ ይኸው ነው። ኤጀንሲው የሰጠኝ ወረቀት ላይ መርሳት እንደጀመራቸው ተጽፏል። ስለዚህ በሰማያዊው ጫማ ብዙም አልተጨነቅሁም። የሞቱ ባላቸውን ይጠብቁ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ቤታቸው ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ የተማሪ ኪራይ ቤት፣ በረንዳው ላይ አሮጌ ሶፋ የወጣበት፣ እሑድ ጠዋት የቢራ ጣሳ ከሣሩ ላይ የሚለቀምበት ሰፈር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የእማማ ሳሎን ቤተ መቅደስ ነበር። ይህን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የመጀመሪያ ቀን ስገባ፣ ከግድግዳው ጋር በቀይ ቀለም የተቀባ ከፍ ያለ መደብ ላይ አንዲት የእንጨት ሴት ተቀምጣ አየችኝ። ቁመቷ ከክንዴ አይበልጥም። ዘውድ ደፍታለች። ፊቷ ስንት ዓመት ጭስ እንደጠጣ እንጃ፣ ጥቁር ብሏል፤ ከእኔም ይጠቁራል። ቀሚሷ ግን እውነተኛ ሐር ነው። በግራና በቀኟ ሁለት አስቀያሚ ጠባቂዎች ቆመዋል፦ አንዱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሩቅ ያያል፣ ሌላው ጆሮውን ወደ ነፋስ አዙሮ ያዳምጣል።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ያውም የቀላሉ አይደለሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለች እናቴ የምትተርትብኝ በከንቱ አይደለም። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ኤጀንሲው ጋ ደውዬ ክላየንት ቀይሩልኝ ልል ነበር። በዚህ መሐል እማማ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ትኩስ የሩዝ ገንፎ ይዘው መጡና ከፊቴ አስቀመጡ። ተንከባካቢ ተብዬ የመጣሁት እኔ፣ የምበላው እኔ። አፈርኩና ስልኩን መለስኩት። አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አልነካም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ነገሩን ያስረዳችኝ የልጃቸው ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በክፍል መሐል ብቅ እያለች ለአያቷና ለእኔ ታስተረጉማለች። የእንጨቷ ሴት ማዙ ትባላለች አለችኝ። በጥንት ዘመን ፉጂያን በሚባለው የቻይና ባሕር ዳርቻ የነበረች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ሳታገባ በልጅነቷ ሞተች፣ ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ የተጨነቀ ሁሉ ይጠራታል። የዚያ ዳርቻ ሰዎች የትም ሲሰደዱ ከእናት ቤተ መቅደሷ የዕጣን ማጨሻ ትንሽ አመድ ዘግነው ይይዛሉ። እማማም በሻይ ቆርቆሮ ይዘውት መጡ። መጀመሪያ እዚህ የደረሱት የአገራቸው ሰዎች ሁሉ የምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት፤ ዕረፍታቸው ሰኞ ስለነበረ ሰኞ ሰኞ እዚህ ሳሎን ይሰበሰባሉ። ልጆች እዚህ ተድረዋል፣ ሙታን እዚህ ተለቅሰዋል።

«ኦሃዮ ውስጥ ባሕር የት አለና?» አልኳት። «ከበቆሎ በቀር ምን አላችሁ?»

ልጅቱ ሳቀች። «እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄያታለሁ። ማዙ የምትጠብቀው ውሃውን አይደለም፣ ሰዎቹን ነው አለችኝ።»

አንድ ነገር ደግሞ ነገረችኝ። ማዕበል መሐል ያለ ሰው በትልቁ ማዕረጓ «የሰማይ እቴጌ» ብሎ ከጠራት ካባዋን እስክትደርብ፣ ዘውዷን እስክትደፋ ትዘገያለች። «እማማ» ካላት ግን በለበሰችው ትሮጣለች። ይህንን ወደድኩት። ለጣዖት ባልሰግድም፣ ጨዋነቷን አደነቅሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት ከሊቢያ ጠረፍ በጀልባ ተነሥቶ ባሕር ላይ ቀርቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ጣሊያን ከገባ በኋላ ደውሎ ነገረኝ፤ ሲሰጥም በዓይኑ አይቶታል። እናቴ ያኔ ከእኔ ጋር ናት፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ተኝታለች፣ ደም ግፊቷም አልወርድ ብሏል። መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ በስልክ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከብቦ ነው። ትንሽ ይሻላት አልኩ። ሲሻላት ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ የዘመድ ሰርግ። ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን እያወቅሁ አደረቅሁት። «ሊቢያ እስር ቤት ነው፣ ስልክ አያስገቡም» አልኳት። በሦስተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያን የመጣ እንግዳ ሰባኪ እጁን ጭኖላት «ልጅሽን በዓይንሽ ታያለሽ» አላት። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወንድሜ ሊሳፈር ሲል ደውሎልኝ ነበር፣ በሰው ስልክ። «ነፋስ አለ፣ ሰዎቹ ግን ዛሬ ካልሄዳችሁ እያሉ ነው። ልሳፈር ወይስ ልቅር?» አለኝ። ቅር ልለው አፌን ስከፍት እናቴ ከመኝታ ቤት ጠራችኝ። «መጣሁ» አልኳት። ከእሱ ጋር ሁለት ቃል ተባባልንና ስልኩ ተዘጋ። ከደቂቃዎች በኋላ መልሼ ስደውል አይሠራም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መርዶውን ካወራሁ ይህም ተከትሎ ይወጣል፣ እናቴም የልጇን ሞት ከራሷ ድምፅ ጋር ታያይዘዋለች ብዬ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሆዴም በእውነት ፈጀው።

ወደ እማማ ቤት ልመለስ። በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት የማዙን መደብ ስጠርግ ጣቴ የቀሚሷን ጠርዝ ነካ። ርጥብ ነበር። ጣሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው። የአበባ ማስቀመጫው ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠርዙን እንደገና ነካሁት፤ ከታጠበ በኋላ በደንብ ያልተጨመቀ ጨርቅ ይመስል ነበር። እማማ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ፣ ከዚያ ወደ መደቡ። ትወጣለች፣ ትገባለች ማለታቸው ነበር። «በኢየሱስ ስም» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መጥረጊያ ጨርቁንም ወደ ማጠቢያው ወረወርኩት።

በዚያው ሳምንት ልጅቱን ስለ ሰማያዊው ጫማ ጠየቅኋት። «የአያትሽ ነው አይደል?»

«አይ፣ አያቴ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጫማውን ያስገዛችኝ አንቺ ሥራ በጀመርሽ በሁለተኛው ቀን ነው። የወንድ፣ ትልቅ አምጪ አለችኝ። የእናንተ ባህል መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስገባ ወደ ኋላዬ ማየት ጀመርኩ። ደረጃው ባዶ ነው። አንዳንዴ እኔም በሩ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ። እንደዚህ የምሆን ሰው አልነበርኩም፤ በራሴ ተናደድኩ።

መስከረም ላይ ቤቱ ተቀወጠ። የአገራቸው ሰዎች ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ጉባኤ ትቶት የሄደ አሮጌ የጸሎት ቤት አግኝተዋል። በሩን ቀይ ቀብተው፣ መብራቱን ሰቅለው፣ ማዙን ከሳሎን አንሥተው እዚያ ሊያስገቧት ነው። ልጆቻቸው አገራቸውን የሚያውቁበት ቦታ ይሁን ብለው ተስማምተዋል። ግን ሳይጠይቋት አያነሷትም። የሚጠይቋት በሁለት ቀይ እንጨቶች ነው፤ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አላቸው፣ በአንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ በሌላው እብጥ ያሉ። መሬት ላይ ይጣላሉ። አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በእብጡ ከወደቀ እሺ ነው፤ ሁለቱም በጠፍጣፋው ከተደፉ እንቢ። እሺታውም በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካልመጣ አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ሰኞ ጣሉ፣ እንቢ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣሉ፣ እንቢ። በጥቅምት ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበሰቡ፤ ሳሎኑ ጢም ብሏል። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። እንቢ ስትል ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጥያቄውን ይለዋውጡ ጀመር፣ ልጅቱም ከአጠገቤ ሆና ታንሾካሹክልኛለች። ቦታውን ጠልተሽ ነው? እንጨቶቹ ተደፉ። ቀኑ ነው? ተደፉ። የሰው ጉዳይ ነው? አንዱ ተገለበጠ። እንደገና፣ እሺ። እንደገና፣ እሺ። ከእኛ ውስጥ ነው? ተደፉ።

ሠላሳ ሰው ዘወር ብሎ እኔን አየ።

እማማ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ከጎኔ እያዩ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። መርሳት ያለበት ሰው እንደዚያ አይናገርም። ልጅቱ ማስተርጎም አልፈለገችም፤ ፊቷ ቀላ። «አያቴ… ይቅርታ። ማዙ እጇ ላይ አንድ ወጣት አለ ትላለች። የራሱ ሰዎች ስላላለቀሱለት ልታስቀምጠው አልቻለችም። እጇ ሙሉ ሆኖ መንገድ አትሄድም ትላለች።»

ለእነዚህ ሰዎች ስለ ወንድሜ አንዲት ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ሰዎቹ በጨዋነት ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ንጹሕ ሳህን አጥባለሁ።

ልጅቱ ተከትላኝ ገባች፤ ልታጽናናኝ ፈልጋ፣ አያቷ ለሁሉም የምትናገረው አንድ ታሪክ ስላለ ነው አለችኝ። ማዙ ልጅ እያለች የሽመና ዕቃዋ ላይ ተቀምጣ ነፍሷ ወጥታ ትሄዳለች። በዚያ ሰዓት ወንድሞቿ ባሕር ላይ ማዕበል ይዟቸዋል። ሁለቱን በሁለት እጇ፣ ሦስተኛውን በጥርሷ ይዛ ወደ ዳር ትጎትታለች። እናቷ ልጄ በድን ሆነች ብላ ደንግጣ ስሟን ትጠራለች። ማዙም እናቷ ናትና «አቤት» ብላ አፏን ትከፍታለች። በጥርሷ የያዘችው ወንድሟ ወደቀ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቱ ውሃ ልስጥሽ ትላለች፣ እኔ አልሰማትም። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። ሺህ ዓመት ያለፈው የእንጨት ታሪክ እንዴት የእኔን ቤት ጉድ ያውቃል? በዚያው ቀን ኤጀንሲው ጋ ደውዬ ሌላ ክላየንት እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ሰው እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ታገሺ አሉኝ።

ካናል ዊንቸስተር ያለው ቤቴ ስደርስ እናቴ መግቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከገበያ መምጣቷ ነው። በሩ ጀርባ የክረምት ጃኬት ሰቅላለች፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከነዋጋ ወረቀቱ።

«ሴል ላይ፣ በቅናሽ አገኘሁት» አለችኝ። «ሲመጣ ይበርደዋል። ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል ብዬ ትልቁን ወሰድኩ።»

ጃኬቱን ነካሁት። ትልቅ ነበር። ያን ጊዜ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም አልኩ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑትን ጋሼን ኮል አደረግሁ። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። «ስድስት ዓመት? አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አሉኝ። ከዚያ እንደ አገሩ ደንብ ሰው አሰባሰቡ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መጡ፤ መኪኖቹ መንገዱ ዳር በጸጥታ ተደረደሩ፣ አሜሪካዊው ጎረቤቴ ውሻውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ጋሼን አየች፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁትን ባለቤታቸውን እትዬን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«የሱ ነው» አለች። ማንም ገና ምንም አልተናገረም።

ለቅሶው ቤቱን ሞላው። እኔም ስድስት ዓመት ያቆየሁትን አለቀስኩ። ትንሽ በረድ ሲል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ሊሄድ ሲል አልደወለልሽም?»

«አልደወለም» አልኳት። «ለማንም አልደወለም።»

መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ግን ሙሾዋ ከዚያ ቃል ተነሣ። «ማንንም ሳይሰናበት፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ እንደ ውሻ ብቻውን» እያለች ደረቷን ትደቃለች። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይህንኑ ትደግማለች። ከአንድ ቁስል ላድናት ብዬ ሌላ እንዳቆሰልኳት እያየሁ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። የልጅቱ መልእክት ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ሦስት ጊዜ እሺ አለች! አሁን ወደ አዲሱ ቤቷ እየወሰድናት ነው። ምነው ቀረሽ?» ለኤጀንሲው ድንገተኛ ጉዳይ ገጠመኝ ከማለት በቀር የነገርኩት አልነበረም። ስልኩን ይዤ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ። ወንድሜ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነኝ ብዬ ጻፍኩላት። አድራሻ ላኪልኝ አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን እማማ በልጅቱ ክንድ ተደግፈው መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ገለል አለላቸው። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ቀጥ ብለው ሄደው ከእናቴ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁለቱ ተያዩ። እማማ በቋንቋቸው ቀስ ብለው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «ልጁ የእናቱን ድምፅ ሰምቷል ንገሪያት አለችኝ» አለች።

እናቴ እንግሊዝኛው አይገባትም። «ምን አሉ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው የሚሉት ብል ያበቃ ነበር፤ ውሸት ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም። እማማ ግን ያዩኛል፤ ከጎኔ ሳይሆን እኔኑ።

«ድምፅሽን ሰምቷል ነው የሚሉት» አልኩ። «እውነታቸውን ነው፣ እማዬ። ደውሎ ነበር። ልሳፈር ወይስ ልቅር ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ከውስጥ ጠራሽኝ። በስልኩ ሰማሽ። እማዬ ናት ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት። ሂጂላት፣ አታስጠብቂያት አለኝ። ከዚያ ተዘጋ።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቴ አልጮኸችም። የእማማን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ድምፄን ሰማ?» አለችኝ።

«ሰማ።»

«አወቀኝ?»

«ወዲያው ነው ያወቀሽ።»

ቀና ብላ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ «ድምፄን ሰምቶ ነው የሄደው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊያጽናናት ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች፣ ሙሾዋም ተለወጠ። ያን ዕለት ለምን እንደጠራችኝ ግን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም። የጠራችኝ ትራሷን እንዳስተካክልላት ነበር።